ገጽ መቶ አርባ

ዚሪክዜ ይሏታል፤ ከባሕሩ ዝቅ ብላ፣
በደች አገር ዳርቻ፣ በግድብ ተከልላ፣
ያለች ትንሽ ከተማ፤
ደወሏ ሲደወል፣ በንፋስ ተነጥቆ፣ ማዶ የሚሰማ።

ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ከኔ በላይ ካለው ፎቅ፣
ዪከሚን ትኖራለች፤ ሰባ አንድ ዓመቷን የማትደብቅ፣
ከጃፓንኛ ወደ ደችኛ መጽሐፍ የምታሻግር፣
በየገጹ ከራሷ ጋር የምትከራከር።

አምፖል ልቀይርላት ወጥቼ ነው የተላመድነው።
አምፖሉ በራ፤ እኔ ግን አልወረድኩም።
ሾርባ አቀረበች፤ ሾርባዋ ጨው አያውቅም።
ጠረጴዛው ላይ የሽጌኖ መጽሐፍ፣
የክብሪት እንጨት እንደ ዕልባት የገባበት።

ሽጌኖ ማለት፣
ባቡር ከማይደርስባት፣ ካዜኡራ ከምትባል የሰሜን ጃፓን መንደር፣
ቀን መረብ ስትጠግን ውላ
ሌሊት በዚያው ጣት ስትጽፍ የምታድር፤
ወጣቱ ሁሉ ቶኪዮ ሲነጉድ
"ታዲያ ማን ይቅር?" ብላ የቀረች።
የጻፈችውም በመንደሯ አፍ ነው፤
በትምህርት ቤቱ አይደለም።

አሳታሚው ረቂቁን መልሶ ላከላት አሉ፣ በቀይ እርሳስ አድምቶ፦
"ይህ ቃል አይታወቅም። ይህም። ይህም። ይታረም።"
እሷም በዚያው ፖስታ፣ ሌላ ቴምብር ለጥፋ፦
"ቃሉን ካረምኩትማ ዝናቡ ይቆማል፤
ዝናቡ ከቆመ፣ የሰውየው ጀልባ በምን ይሰጥማል?"

ገጽ መቶ አርባ ላይ ዪከሚን ቆመች።
ሦስት ሳምንት ቆመች።
አንዲት ቃል፤ መዝገብ ያልመዘገባት፣
ካዜኡራ ብቻ የወለዳት።
ዝናብ ናት፤ ከላይ ግን አትወርድም፤
በጎን ነው የምትመጣ፤ በር ቢዘጋ አትመለስም፤
በስንጥቅ ሾልካ የተኛ ሕፃን ጉንጭ ታርሳለች፤
ሲልሷት ጨው ጨው ትላለች።

"እኛም ነበረን" አለች። "አያቴ የግድብ ጠባቂ ሚስት ነበረች፤
ስም ነበራት ለዚህ ዝናብ።
መምህሩ በማስመሪያ መዳፌን እየመታ
ያገሬን አፍ ካፌ አወጣው፤
'እንደ ሰው ተናገሪ' እያለ።
መዳፌ እስከ ዛሬ ያስታውሳል፤
ምላሴ ነው የረሳው።"

ከዚያ ቀና ብላ፦ "ባንተስ?"

እኔማ የቄራ ልጅ ነኝ፤
ዝናብ ለኔ ዝናብ ነው፤ ታክሲ የሚያጠፋ፣ ጫማ የሚያበላሽ።
አባቴ ግን የመንዝ ሰው ነው።
አፉን በከፈተ ቁጥር እኔና እህቴ በክርን እንነካካለን።
አንድ ክረምት፣ በመስኮቱ ክፍተት ውሃ ገብቶ
የሒሳብ ደብተሬን ሲያበሰብሰው፣
ከአልጋው ሳይነሳ "ወጨፎ ነው፤ ጆንያ ወትፉበት" አለ።
ሳቅን። ሳምንት ሙሉ ስሙን ወጨፎ አልነው።
ሰማ መሰለኝ።
ከዚያ ወዲያ ቃሉን አልደገመውም፤
ዝናቡ ግን በየዓመቱ ደገመው።

"ወጨፎ" አልኳት።
"እንደገና።"
"ወጨፎ።"
ዓይኗን ጨፍና አጣጣመችው፦ ወ ላይ ንፋሱ ተነሣ፣
ጨ ላይ መስታወቱን መታ፣
ፎ ላይ ሻማው ጠፋ።
በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ጻፈችው፤ አንባቢዎቿ አያውቁትም፣
አይታተምም፤ እንዲያው ለማሟሻ ያህል።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ
በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዬን ደበደበችው።
ወጣሁ። በሌሊት ልብሷ ቆማለች፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፤
የአያቷ ቃል መጥቶላታል።
ነገረችኝ፤ እኔም ደግሜ ልለው ሞከርኩ፤
ጉሮሮዬ እንቢ አለ።
ወደ አምስተርዳም ላከችው፤ በቀይ ተሰምሮ ተመለሰ፤
ሌላ ቴምብር ገዛች።

እኔ ግን በማግስቱ ቤት ደወልኩ።
አባቴ ስልክ አይወድም፤ እንደ ሩቅ ገበሬ ይጮኻል።
"አባባ፣ የዝናብ ስም ስንት ታውቃለህ?
አንድ በአንድ ንገረኝ፤ ልጽፈው ነው።"
ዝም አለ። በመስመሩ ውስጥ ንፋስ ይነፍሳል፤
የሱ ይሁን የኔ አልለየሁም።
ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፦
"ልትስቅ ነው?" አለኝ።